የአደጋ ምርመራ ሪፖርት ይፋ ሲደረግ እንዴት እንደሚነበብ፦ ከኢቲ 302 ሪፖርቶች የተወሰደ የአሠራር መመሪያ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመብረር ላይ ሳለ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የተከሰከሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢቲ 302 አውሮፕላን 157 ሰዎችን አሳፍሮ ነበር፤ ከመካከላቸው አንድም ሰው አልተረፈም። መንግሥት በዚህ አደጋ ላይ ያካሄደው ምርመራ ውጤት ለሕዝብ የቀረበው በሦስት የተለያዩ ጊዜያት ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ መጋቢት 26 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ጊዜያዊ ሪፖርቱ የካቲት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ወጡ፤ የመጨረሻው ሪፖርት ደግሞ ታኅሣሥ 14 ቀን 2015 ዓ.ም. የሚል ቀን ይዞ ወጣ።

እንዲህ ያለ ሪፖርት በሚወጣበት ዕለት አንባቢው እጅ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰነዱ የተነገረው እንጂ ሰነዱ ራሱ አይደለም፤ የባለሥልጣን መግለጫ፣ የአምራች ኩባንያው መልስ፣ የዜና ርእስ ይቀድማሉ። ክርክሩም ወዲያው «ጥፋተኛው ማን ነው?» ወደሚለው ይዞራል። ጥያቄው ከሐዘን የሚመነጭ ስለሆነ አይነቀፍም፤ ነገር ግን ሰነዱ ለምን ዓላማ እንደተጻፈ ሳያውቁ መልሱን ከውስጡ ለመልቀም መሞከር በአንዱም ሆነ በሌላው ወገን ወደተሳሳተ ድምዳሜ ያደርሳል። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ለሟች ቤተሰቦች፣ ዜናውን ለሚዘግቡ ጋዜጠኞች፣ እንዲሁም በመንግሥት ስም የተደረገ ምርመራ ምን እንዳገኘ በራሱ ዓይን ማየት ለሚፈልግ ዜጋ ሁሉ ነው። የአብራሪነት ወይም የምሕንድስና ትምህርት አይጠይቅም። ለመጀመሪያ ደረጃው ሪፖርት አንድ ጸጥ ያለ ምሽት፣ ለመጨረሻው ሪፖርት ደግሞ ጥቂት ቀናት፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል።

ደረጃ 1፦ የወጣው የትኛው ሪፖርት እንደሆነ ይለዩ

የሲቪል አውሮፕላን አደጋዎች ምርመራ የሚመራበት ዓለም አቀፍ ደንብ የቺካጎ ስምምነት አባሪ 13 ሲሆን፣ ደንቡን የሚያወጣው አይካኦ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ነው። በዚህ አባሪ መሠረት ምርመራውን የሚመራው አደጋው የደረሰበት አገር ነው፤ አውሮፕላኑ በአሜሪካ የተሠራ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ሆኖ ሳለ ምርመራውን የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ የመራው በዚህ ምክንያት ነው። አውሮፕላኑ የተነደፈበትና የተመረተበት አገር በሕጋዊ ተወካዩ በኩል ይሳተፋል። ዜጎቻቸው የሞቱባቸው አገሮችም ባለሙያ ልከው የአደጋውን ቦታ የማየት፣ አግባብነት ያለውን መረጃ የማግኘትና የመጨረሻውን ሪፖርት ቅጂ የመቀበል መብት አላቸው።

ሪፖርቶቹ በዓይነታቸው ይለያያሉ። የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት አደጋው ከደረሰ በ30 ቀናት ውስጥ የሚላክ ሲሆን ተግባሩ እስከዚያ ቀን የተሰበሰበውን መረጃ ማስፈር ብቻ ነው፤ ምክንያቱን እንዲወስን አይጠበቅም። ይህን ሪፖርት ለሕዝብ ማውጣት አለማውጣት በአብዛኛው የመርማሪው አገር ምርጫ ነው፤ ኢትዮጵያ በ25ኛው ቀን ይፋ ማድረጓ ሊመሰገን የሚገባው ውሳኔ ነበር። የመጨረሻው ሪፖርት ግን ለሕዝብ መቅረብ ያለበት ሲሆን የሚቻል ከሆነ በ12 ወራት ውስጥ ይወጣል። በዚያ ጊዜ ካልደረሰ መርማሪው አገር በየዓመቱ የአደጋው መታሰቢያ ቀን ምርመራው የደረሰበትን የሚያሳይ ጊዜያዊ መግለጫ እንዲያወጣ ይጠበቃል፤ የየካቲት 2012ቱ ሪፖርት ከአንደኛው ዓመት መታሰቢያ አንድ ቀን ቀድሞ የወጣው በዚህ አሠራር ነው።

ስለዚህ ሰነዱን ከመክፈትዎ በፊት በማስታወሻዎ ላይ የሪፖርቱን ዓይነት፣ የወጣበትን ቀንና ያወጣውን መሥሪያ ቤት ይጻፉ። ከመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ላይ «መንስኤው ተረጋገጠ» የሚል ዜና ካዩ ዜናው ሪፖርቱ ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ጭኖበታል ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ሰነዱን ራሱን ያግኙ፣ ያስቀምጡም

ሪፖርቱን ምርመራውን ካካሄደው መሥሪያ ቤት ወይም ከተቆጣጣሪው ሚኒስቴር ገጽ በፒዲኤፍ ያውርዱ። በቴሌግራም የተላለፈልዎት ቅጂ ከሆነ የገጾቹን ብዛትና አባሪዎቹን ከይዘት ማውጫው ጋር ያመሳክሩ፤ የኢቲ 302 የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርት ለምሳሌ 33 ገጽ ነው። ያወረዱበትን ቀን በፋይሉ ስም ላይ ያክሉ፤ የመንግሥት ገጾች ሲታደሱ የቆዩ ሰነዶች ሊነሡ ይችላሉ፣ የተስተካከለ ቅጂም የቀደመውን ሊተካ ይችላል።

ደረጃ 3፦ የተሰጠውን መግለጫ ለብቻው ይጻፉት፣ በኋላ ለማመሳከር

የመጀመሪያ ደረጃው ሪፖርት በቀረበበት ዕለት የወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዳግማዊት ሞገስ በሰጡት መግለጫ፣ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣቸውን የአሠራር ቅደም ተከተሎች ሁሉ በተደጋጋሚ እንደፈጸሙና አውሮፕላኑን ግን ሊቆጣጠሩት እንዳልቻሉ ገልጸዋል። ሰነዱ ውስጥ ያለው አገላለጽ ግን ከዚህ ጠበብ ያለ ነው። ሪፖርቱ የሚለው አብራሪዎቹ የጅራት ክንፉ ከቁጥጥር ውጭ በሚንቀሳቀስበት ጊዜ የሚሠራበትን የማረጋገጫ ዝርዝር እንደፈጸሙ፣ ክንፉን የሚያንቀሳቅሰውን የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያቋርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ ወደ መቋረጫው እንዳደረጉና በእጅ የሚደረገው ማስተካከያ እንደማይሠራ እንዳረጋገጡ ነው። ሰነዱ ስለ አንድ የተወሰነ የማረጋገጫ ዝርዝር ይናገራል፤ መግለጫው ስለ አሠራሮች ሁሉ።

ይህን ልዩነት የምጠቅሰው ሚኒስትሯን ለመንቀፍ አይደለም። መግለጫ ለተሰበሰበ ሕዝብ፣ በጥቂት ደቂቃዎች፣ ሐዘን ባልደረቀበት ሰዓት የሚነገር ነው፤ ሪፖርት ደግሞ እያንዳንዱ ቃሉ በመርማሪዎች የተመዘነ ነው። አንባቢ ማድረግ ያለበት ወረቀቱን ለሁለት ከፍሎ በቀኝ በኩል በመግለጫው የተባለውን፣ በግራ በኩል ሰነዱ በየትኛው ገጽ ምን እንደሚል መጻፍ ነው። የአምራቹንም መልስ በተመሳሳይ መንገድ ይያዙ፤ በዚያው ዕለት የቦይንግ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበሩት ዴኒስ ሙሊንበርግ በሁለቱም አደጋዎች፣ ማለትም በኢቲ 302 እና ከእርሱ አምስት ወር ለማይሞላ ጊዜ ቀድሞ ኢንዶኔዢያ ውስጥ 189 ሰዎች በሞቱበት የላየን ኤር አደጋ፣ ኤምካስ የተባለው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚያወርደው የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት በተሳሳተ መረጃ ምክንያት መሥራቱን አምነዋል። ከመግለጫዎቹ ሁሉ ክብደት የነበረው ይህ ነበር፤ ምክንያቱም አንድ ወገን የራሱን ጥቅም የሚጎዳ እውነታ ሲያምን በዚያ ነጥብ ላይ ክርክሩ ያበቃል።

ደረጃ 4፦ ሰነዱን ከድምዳሜው ሳይሆን ከተጨባጭ መረጃው ያንብቡ

በአባሪ 13 ቅርጽ የሚዘጋጅ የመጨረሻ ሪፖርት አራት ዋና ክፍሎች አሉት፤ ተጨባጭ መረጃ፣ ትንተና፣ ድምዳሜ እና የደኅንነት ምክረ ሐሳቦች ናቸው። አባሪዎች ከኋላ ይከተላሉ። ሰው በተፈጥሮው ወደ ሦስተኛው ክፍል መዝለል ይፈልጋል፤ እባክዎ አይዝለሉ። መርማሪዎች፣ አምራቾችና መንግሥታት የሚከራከሩት በአብዛኛው በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል ላይ ሲሆን የመጀመሪያው ክፍል ከመመዝገቢያ መሣሪያዎች የተገኘ ስለሆነ ብዙም አያከራክርም። የኢቲ 302 ሁለቱ መመዝገቢያዎች አደጋው በደረሰ ማግስት ተገኝተው በፈረንሳይ የአደጋ ምርመራ ቢሮ ተነብበዋል፤ በዚያ መረጃ ላይ የተነሣ ክርክር የለም ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያሉት ንዑሳን ክፍሎች የአባሪ 13ን ቅርጽ በሚከተሉ ሪፖርቶች ተመሳሳይ ቁጥር አላቸው። 1.1 የበረራው ታሪክ ነው፤ 1.5 ስለ በረራው ሠራተኞች፣ 1.6 ስለ አውሮፕላኑና ስለ ጥገናው፣ 1.11 ስለ መመዝገቢያዎቹ፣ 1.16 ስለተደረጉ ፍተሻዎች፣ 1.17 ስለ ተቋማቱ አሠራር ይናገራሉ። ጊዜ የሌለው ሰው 1.1ን፣ 1.6ን እና 1.11ን ቢያነብ ከብዙ ዜና የተሻለ ይረዳል። የአብራሪዎች ስም አይጻፍም፤ ምርመራው ግለሰብን ለመክሰስ ስላልተደረገ ነው።

ደረጃ 5፦ የራስዎን የጊዜ ሰሌዳ ይሥሩ

ይህ ከደረጃዎቹ ሁሉ አድካሚው ነው፤ ጥቅሙም የዚያኑ ያህል ነው። በቅድሚያ ሰዓቱን ይለውጡ። ሪፖርቱ የሚጠቀመው ዓለም አቀፉን የጋራ ሰዓት ስለሆነ የጠዋቱን የኢትዮጵያ ሰዓት ለማግኘት ከተጻፈው ላይ ሦስት ይቀንሱ፤ 05:38 ተብሎ የተጻፈው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ነው። ከፍታ የሚለካው ከባሕር ወለል በላይ በጫማ ነው፤ ቦሌ ራሱ ከ7,600 ጫማ በላይ ስለሚገኝ «14,000 ጫማ» የሚለው ከማኮብኮቢያው በላይ ወደ 6,400 ጫማ፣ ማለትም ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ከፍታ ነው። ይህን ያላሰበ አንባቢ አብራሪዎቹ ሰፊ የከፍታ ዕድል የነበራቸው ይመስለዋል። ፍጥነት በኖት ይጻፋል፤ ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመለወጥ በ1.852 ያባዙ።

ከዚያ ሰሌዳውን ይጻፉ። ከመጀመሪያ ደረጃው ሪፖርት የሚወጣው ሰሌዳ በአጭሩ ይህን ይመስላል። 05:38:44 ላይ፣ አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተነሣ፣ በግራና በቀኝ ያሉት አንግል ኦፍ አታክ ሴንሰር የሚባሉት መሣሪያዎች፣ ማለትም ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራውን ማዕዘን የሚለኩት፣ መለያየት ጀመሩ፤ ወዲያውም የግራው 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15.3 ነበር። በግራው ወገን መሪውን የሚያንቀጠቅጠው ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ እስከ በረራው መጨረሻ አካባቢ አላቋረጠም። 05:40:00 ላይ አብራሪዎቹ ሳያዙት አፍንጫውን ወደ ታች የሚያወርድ የመጀመሪያው ራስ-ሰር ትእዛዝ ተሰጠ፤ 05:40:20 ላይ ሁለተኛው ተከተለ። 05:40:35 ላይ ረዳት አብራሪው የኤሌክትሪክ ኃይሉ እንዲቋረጥ ሁለት ጊዜ ተናገረ፤ ዋና አብራሪውም ተስማማ። 05:40:41 ላይ ሦስተኛው ትእዛዝ ተመዘገበ፣ ነገር ግን ኃይሉ ተቋርጦ ስለነበር የጅራት ክንፉ አልተንቀሳቀሰም። 05:41:46 ላይ ዋና አብራሪው ማስተካከያው ይሠራ እንደሆነ ጠየቀ፤ ረዳቱ እንደማይሠራ ገልጾ በእጅ ልሞክር አለ፤ ከስምንት ሰከንድ በኋላም እንደማይሠራ አስታወቀ። 05:43:11 ላይ ሁለት አጫጭር የኤሌክትሪክ ማስተካከያዎች አፍንጫውን ወደ ላይ ለማንሣት ተመዘገቡ። 05:43:20 ላይ የመጨረሻው ራስ-ሰር ትእዛዝ መጣ፤ በአምስት ሰከንድ ያህል ጊዜም የጅራት ክንፉ ማስተካከያ ከ2.3 አሃድ ወደ 1.0 አሃድ ወረደ።

እነዚህን መስመሮች በእጁ የጻፈ ሰው ስለዚያ ጠዋት የሚያወራው ነገር ይለወጣል። የመጀመሪያው ራስ-ሰር ትእዛዝ ከመጣበት እስከ መጨረሻው ድረስ ያለው ጊዜ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ነው፤ በእነዚህ ደቂቃዎች ውስጥ ሁለት ሰዎች በማያቋርጥ የማስጠንቀቂያ ድምፅ መካከል እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ፣ ሲሞክሩ፣ ሲተባበሩ ይታያሉ።

ነገር ግን የማይመቹትን መስመሮችም ሳይዘልሉ ይጻፉ። እዚያው ሪፖርት ላይ የሞተሮቹ ፍጥነት በ94 ከመቶ እንደቆየ፣ የቀኙ የፍጥነት መለኪያ ከ360 እስከ 375 ኖት እንዳሳየና ከተፈቀደው በላይ የሆነ ፍጥነትን የሚያስጠነቅቀው ድምፅ እንደተሰማ ተመዝግቧል። የአውሮፕላኑ ከፍተኛ የተፈቀደ ፍጥነት 340 ኖት ነው። ከሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መርማሪዎች መካከል የተነሣው ልዩነት ከእነዚሁ ቁጥሮች ጋር የተያያዘ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. ሰሌዳውን በሙሉ የጻፈ አንባቢ በ2015 ዓ.ም. በሰማው ክርክር ባልተደናገረ ነበር።

በዚህ ደረጃ ላይ ሳሉ አንድ ነገር በጥብቅ ይጠበቅ። የአብራሪዎች ክፍል ድምፅ ቅጂ ለሕዝብ እንዳይለቀቅ አባሪ 13 ጥበቃ ያደርግለታል፤ ሪፖርቱ የሚጠቅሰው ለምርመራው የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ ነው። «የመጨረሻው ድምፅ» እየተባለ የሚዞር ቅጂ ከደረሰዎት አያዳምጡት፣ ለማንም አያስተላልፉትም። ሐሰተኛ ከሆነ ውሸት ያሰራጫሉ፤ እውነተኛም ቢሆን የሟች እናትና ልጆች ሊሰሙት የማይገባ ነው።

ደረጃ 6፦ ምክንያት የተባለውን ክፍል ቃል በቃል ይገልብጡ

የመጨረሻው ሪፖርት ዋነኛው ሊሆን የሚችል ምክንያት ብሎ ያስቀመጠው፣ ከተሳሳተ የማዕዘን መለኪያ መረጃ የተነሣ ኤምካስ በተደጋጋሚና ያለ አብራሪ ትእዛዝ አፍንጫውን ወደ ታች ማውረዱን፣ እንዲሁም ሥርዓቱ ሊመለስ በማይችል መንገድ በመሥራቱ አውሮፕላኑ በመሬት አቅራቢያ በደቂቃ 33,000 ጫማ በሚሆን ፍጥነት መውረዱን ነው። ይህ በሰከንድ ወደ 168 ሜትር ማለት ነው።

ከዚያ ተለይተው የሚዘረዘሩት አስተዋጽኦ ያደረጉ ሁኔታዎች ናቸው፤ ኤምካስ በአንድ ሴንሰር ብቻ ላይ እንዲደገፍ ሆኖ መነደፉና ከቀደመው 737 ወደ ማክስ ለሚሸጋገሩ አብራሪዎች በአምራቹ የተዘጋጀው ሥልጠና በቂ አለመሆኑ ከእነዚህ ዋነኞቹ ናቸው። ሥልጠናው በቂ እንዳልነበር ጊዜያዊው ሪፖርትም ከዚያ በፊት ገልጾት ነበር። ዋና ምክንያትንና አስተዋጽኦ ያደረገን ሁኔታ አንድ አድርገው አይጥቀሱ። የላየን ኤርን አደጋ የመረመረው የኢንዶኔዢያ ኮሚቴ በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት ዘጠኝ አስተዋጽኦ ያደረጉ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል፤ ንድፍ፣ ጥገናና የአብራሪዎች አሠራር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ያ ኮሚቴ ሌላም ሊኮረጅ የሚገባው ነገር አድርጓል፤ ሪፖርቱን ለሕዝብ ከማውጣቱ ሁለት ቀን ቀድሞ የሟች ቤተሰቦችን ሰብስቦ ይዘቱን አስረድቷቸዋል። የሪፖርት ይፋ አወጣጥን ለሚያዘጋጅ ማንኛውም መሥሪያ ቤት፣ ቤተሰብ ዜናውን ከቴሌቪዥን መስማት እንደሌለበት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ደረጃ 7፦ የማይስማሙትን አገሮች አስተያየት ከዋናው ሰነድ ጋር አብረው ያስቀምጡ

መርማሪው አገር የመጨረሻውን ረቂቅ ለሚሳተፉት አገሮች ይልካል፤ እነርሱም በ60 ቀናት ውስጥ አስተያየት ይሰጣሉ። አስተያየቱ ከደረሰ መርማሪው አገር ሐሳቡን በረቂቁ ውስጥ ያካትታል፤ ካላካተተም አስተያየት የሰጠው አገር ከፈለገ ከሪፖርቱ ጋር አባሪ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ሪፖርት ሲከፍቱ የመጨረሻዎቹን ገጾች አስቀድመው ይመልከቱ፤ አስተያየት መኖሩን፣ ሙሉው መያያዙን ወይም ማስፈንጠሪያ ብቻ መቀመጡን ይለዩ።

በኢቲ 302 ጉዳይ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አስተያየቱን በራሱ ገጽ ላይ አወጣ። ምክንያቱም፣ እንደ ቦርዱ ገለጻ፣ ሪፖርቱ ሙሉ አስተያየቱን ከማያያዝ ይልቅ ወደ ቀደመና ጊዜ ያለፈበት ቅጂ የሚወስድ ማስፈንጠሪያ ብቻ ስለያዘ ነው። ቦርዱ በዋናው ነጥብ፣ ማለትም የተሳሳተ የማዕዘን መረጃ ኤምካስን እንዳስነሣና ኤምካስም አፍንጫውን እንዳወረደ፣ ከኢትዮጵያ ጋር ይስማማል። የሚለያየው በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው፣ የአብራሪዎች አሠራርና የሰው ልጅ በእንዲህ ያለ ድንገተኛ ሁኔታ የሚሰጠው ምላሽ በበቂ ሁኔታ አልተተነተነም ማለቱ ነው። ሁለተኛው የሴንሰሩ ብልሽት መነሻ ነው፤ የኢትዮጵያ ሪፖርት ከአውሮፕላኑ አመራረት ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ችግርን ሲጠቅስ፣ ቦርዱ ግን ሴንሰሩን የመታው ባዕድ ነገር፣ በይበልጥም ወፍ፣ እንደሆነ ማስረጃው ያሳያል ይላል። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዩ ቢሮም አስተያየቱን ያወጣ ሲሆን ቦርዱም በዚያው ወር ተጨማሪ አስተያየት ሰጥቷል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ፈተና ይገጥመዋል። አንደኛው «አምራቻቸውን ለመከላከል ነው» ብሎ አስተያየቱን ሳያነቡ መጣል ነው፤ ሌላው ደግሞ አስተያየቱ ከዋሽንግተን ስለመጣ ብቻ የኢትዮጵያን ሪፖርት ውድቅ ማድረግ ነው። ሁለቱም ንባብ አይደሉም። ለእያንዳንዱ የልዩነት ነጥብ ሦስት ዓምድ ይክፈቱ፤ ሪፖርቱ ምን ይላል፣ አስተያየቱ ምን ይላል፣ እያንዳንዱ የሚጠቅሰው ማስረጃ የትኛው ፍተሻ ወይም የትኛው መዝገብ ነው። ማስረጃ ያልተጠቀሰበት ዓምድ ባዶ ይቅር፤ ባዶነቱ ራሱ ይናገራል።

የአስተያየት መብት የጠላት መሣሪያ አለመሆኑን ለማየት ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ቤይሩት አቅራቢያ ባሕር ውስጥ የወደቀውን ኢቲ 409 ማስታወስ ይጠቅማል። በዚያ አደጋ 90 ሰዎች ሞተዋል፤ መርማሪዋ አገር ሊባኖስ ነበረች፤ በጥር 2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ሪፖርት ወደ አብራሪዎቹ አሠራር ሲያመለክት የተቃወመው የኢትዮጵያ ወገን ነበር። ያኔ ተቃውሟችን እንዲሰማ ፈልገን ነበር፤ ልክም ነበርን። በመጨረሻ ሪፖርት ላይ የተለየ ሐሳብ በሙሉ ቃሉ መያያዝ አለበት ብዬ የማምነው ስለዚህ ነው፤ የተያያዘ ተቃውሞ ሪፖርቱን አያዳክምም፣ አንባቢውን ሁለት ሰነዶች በሁለት ገጾች ላይ ከማሳደድ ያድነዋል።

ደረጃ 8፦ ሪፖርቱን ከካሳና ከክስ ለይተው ይያዙ

ለቤተሰቦች ከሁሉ ይልቅ አንገብጋቢው ይህ ነው። የአባሪ 13 ምርመራ ብቸኛ ዓላማ ተመሳሳይ አደጋ እንዳይደገም ማድረግ ሲሆን ጥፋትን ወይም ተጠያቂነትን ማከፋፈል የዓላማው ክፍል አይደለም። የካሳ መብት የሚወሰነው በሌላ መንገድ ነው፤ ጊዜውም ሪፖርቱን አይጠብቅም። በ1999 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በአየር መንገድ ላይ ለሚቀርብ የካሳ ክስ የሁለት ዓመት ገደብ ያስቀምጣል፤ የሚቆጠረውም አውሮፕላኑ ከደረሰበት ወይም መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። የኢቲ 302 የመጨረሻ ሪፖርት የወጣው ከሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው። «እውነቱ ይውጣና እንከሳለን» ብሎ የጠበቀ ቤተሰብ በዚህ ገደብ ምክንያት መብቱን ሊያጣ ይችል ነበር። ስለዚህ የሟቹን የጉዞ ሰነድ፣ የወራሽነት ማስረጃና የገቢ ማስረጃ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ያሰባስቡ፤ በአየር አደጋ ጉዳይ የሠራ ጠበቃንም ሪፖርት ሳይጠብቁ ያማክሩ።

በተግባርም የሆነው ይህንኑ ያሳያል። በጥር 2021 እ.ኤ.አ. ቦይንግ ከአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያስከፍል ስምምነት ፈርሟል፤ ከዚህም 500 ሚሊዮን ዶላር ለሁለቱ አደጋዎች ሟቾች ወራሾች የተመደበ ነበር። በኅዳር 2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቺካጎ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በቀረበው የኢቲ 302 ቤተሰቦች ክስ ኩባንያው ለደረሰው ጉዳት ካሳ ተጠያቂነቱን ተቀብሏል። ሁለቱም የሆኑት የመጨረሻው ሪፖርት ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድመው ነው። አሜሪካ ውስጥ የራሷ የደኅንነት ቦርድ ሪፖርት እንኳ በካሳ ክርክር በማስረጃነት እንዳይቀርብ በሕግ ተከልክሏል።

ደረጃ 9፦ ምክረ ሐሳቦቹን ለማን እንደተጻፉ ይመዝግቡና ይከታተሉ

ምክረ ሐሳብ ሁልጊዜ ተቀባይ አለው። የመጀመሪያ ደረጃው ሪፖርት ሁለት ነበሩት፤ አንዱ አምራቹ ከአውሮፕላኑ የመቆጣጠር ችሎታ ጋር የተያያዘውን የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት እንዲከልስ፣ ሌላው አውሮፕላኑ ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት የአቪዬሽን ባለሥልጣናት ችግሩ በበቂ ሁኔታ መፈታቱን እንዲያረጋግጡ የሚጠይቁ ነበሩ። በአባሪ 13 መሠረት ምክረ ሐሳብ የደረሰው አገር የወሰደውን ወይም ለመውሰድ ያሰበውን እርምጃ፣ ወይም እርምጃ የማይወስድበትን ምክንያት፣ በ90 ቀናት ውስጥ ያሳውቃል። የእያንዳንዱን ምክረ ሐሳብ ተቀባይ፣ የተላከበትን ቀንና 90ኛውን ቀን በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ።

ከዚያ የሆነውን ይሙሉበት። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን አውሮፕላኑ እንዲመለስ የፈቀደው በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ኤምካስ ከሁለቱም ሴንሰሮች የሚመጣውን መረጃ እንዲያመሳክርና በአንድ ክስተት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ ከተስተካከለ በኋላ ነው። አብራሪዎችም በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ ተደረገ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስን እንደገና ማብረር የጀመረው በጥር 2014 ዓ.ም. ነው። ሠንጠረዡ ላይ ምላሽ ያልተጻፈበት ረድፍ ከቀረ ለተቀባዩ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ደብዳቤው የሪፖርቱን ስም፣ የምክረ ሐሳቡን ቁጥርና ገጹን ይጥቀስ፣ ቅጂውም ከሪፖርቱ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ።